የይማም ምድጃና የመካነ ሰላም ከሰል

ሰኞ

ወንድሜ ይማም በሳይክሉ ኋላ ጭኖ መናኸሪያ ያደረሰኝ ቀን ከእሱ ጋር የነበረኝ የመጨረሻው ተራ ቀን ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው አንባቢ ኋላ ላይ እንዳይደነግጥ ነው። እኔ ያን ቀን ምንም አላውቅም ነበር፤ ደስ ብቻ ነበር ያለኝ። ከኮምቦልቻ ወጥቼ የማውቀው ደሴንና የእናቴ ዘመዶች ያሉባትን ኩታበርን ብቻ ነው። መካነ ሰላም መሄድ ለእኔ ባሕር ማዶ እንደ መሻገር ነበር። የሰፈራችን ሰውም አገሩን ስለማያውቀው እስከ ዛሬ ይጠይቀኛል። ጽሑፍ ብዙ አይሆንልኝም፤ የተማርኩት እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። ቢሆንም ጉዞውን እንደ ነበረው፣ ከነደስታው፣ ልጻፈው።

መጀመሪያ የሄድኩበትን ምክንያት ልናገር። ይማም ከተማችን ውስጥ ባለ አንድ ብረታ ብረት ፋብሪካ የምድጃ ሠራተኛ ነበር። ፋብሪካው ቁርጥራጭ ብረት አቅልጦ የውሃ ቧንቧ መገጣጠሚያ ይሠራል። የሚያቀልጠው በኤሌክትሪክ ነው። ብረቱ ከመቅለጡ በፊት ግን አንድ ምድጃ ውስጥ ይሞቃል፤ ያ ምድጃ የድንጋይ ከሰል ነው የሚበላው። የይማም ምድጃ እሱ ነው።

ዕቃውን የሚገዛው አውሮፓዊ ነጋዴ አዲስ ነገር ይዞ መጣ። አውሮፓ ድንበሯ ላይ የጭስ ቀረጥ ጀምራለች አለ። ብረት ሲገባ፣ ያ ብረት ሲሠራ ምን ያህል ጭስ እንደወጣ ይጠየቃል፤ ክፍያው በጭሱ ልክ ነው። ስለዚህ ጭስ የሚበዛበትን ዕቃ ትቶ ከሌላ አገር ሊገዛ ነው። ፋብሪካው ውስጥ ሁሉም ሰው ተናደደ። ይማም ግን እንደ ሕፃን ፈነደቀ።

«አይገባህም እንዴ ከማል!» ይለኝ ነበር፣ እጁን እያወናጨፈ። «መብራታችን ከውሃ ነው! ሌላው አገር ብረት የሚያቀልጥበት መብራት ራሱ ከከሰል የሚወጣ ነው። እኛን የምታስወቅሰን ይቺ አንዲት ምድጃ ናት። እሷን ካስተካከልን ማን ይደርስብናል?»

ለሠርግ መካነ ሰላም ሄዶ ሳለ፣ ከከተማው ወጣ ባለች መንደር ሴቶች ከባሕር ዛፍ ቅጠልና ልጣጭ የታመቀ ከሰል ሲሠሩ አይቷል። ዛፉ ተመልሶ እስከበቀለ ድረስ የዛፍ ከሰል ቀረጥ የለበትም። አለቆቹን ለመነ፤ አንድ ጆንያ ይሞከር አሉ። የነጋዴው መርማሪ ዓርብ ጠዋት መጥቶ አይቶ በዚያው ይመለሳል። ጆንያው እስከ ሐሙስ ማታ ካልደረሰ ፋብሪካው በድንጋይ ከሰሉ ይቀጥላል፤ ነጋዴውም ይሄዳል። ይማም ራሱ እንዳይሄድ የምድጃው ጡብ አዲስ ተሠርቶ ነበር፤ አዲስ ጡብ በቀስታ እሳት እየተጠበቀ መድረቅ አለበት፣ ካለዚያ ይሰነጠቃል። ስለዚህ እኔ ተላክሁ።

ሰኞ ጠዋት ይማም በሳይክሉ መናኸሪያው ዳገት ላይ ሲያለከልክ «ልውረድልህ?» አልኩት።

«ተቀመጥ አቦ! ከወረድክ ወሬ ትጀምራለህ። ወሬህ ነው ከኪሎህ የሚከብደኝ።»

የፋብሪካ ጃኬቱን አውልቆ አለበሰኝ። ብርቱካናማ ነው፣ ደረቱና ጀርባው ላይ የሚያብለጨልጭ መስመር አለው። «ደጋው ላይ፣ ጉጉፍቱ ስትደርስ፣ ብርድ ምን እንደሆነ ታውቃለህ» አለኝ። መኪናው ሲንቀሳቀስ በመስኮቱ በኩል እየሮጠ ጮኸ፦ «ጆንያውን ዝናብ እንዳይነካው! አንተ ብትረጥብ ትደርቃለህ!»

መኪናው ውስጥ ያሉት ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ደሴ ላይ ወደ አቀስታ የሚሄድ ሚኒባስ ቀየርኩ። ረዳቱ ጃኬቴን ሲያይ «ኢንጂነር! ኢንጂነር ከፊት ይግባ!» አለ። ከዚያ በኋላ እስከ አቀስታ ድረስ ስሜ ኢንጂነር ሆነ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ዘመድ ጥየቃ ከማሻ የመጡ ነበሩ። «ልጄ፣ አስፋልቱ ወደኛ የሚመጣው መቼ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም እማማ፣ እኔ መንገድ ሠራተኛ አይደለሁም አልኳቸው። «አይ፣ እናንተማ መቼ ትናገራላችሁ» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ትንሽ ቆይተው ግን ከቋጠሯቸው የገብስ ቆሎ ዘግነው ሰጡኝ።

ጉጉፍቱ! በዚያ ሰዓት ኮምቦልቻ ላይ ሰው ጥላ ፍለጋ ይጋፋል። እዚህ ሰው ባና ተከናንቦ፣ ፀሐይ ፍለጋ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ጉሙ መንገዱን ዋጠው። በጎቹ ከጠጉራቸው ብዛት እግራቸው አይታይም። መስኮት ልከፍት ስል ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ ጮኸብኝ።

እዚያው ጎማ ፈነዳ። የእኛ ሾፌር ክሪክ አልነበረውም። የባሕር ዛፍ አጣና የጫነ አይሱዙ ቆሞ አበደረን። ጎማው እስኪቀየር የአይሱዙው ሾፌር እያጉረመረመ አወራኝ። በአቋራጩ መንገድ ያለው ኬላ ለእንጨት ብዙ ያስከፍላል፤ በዚህኛው ያለው ትንሽ ነው። «ስለዚህ ዞሬ እመጣለሁ። ናፍጣውን አነዳለሁ፣ ቀኔን እገድላለሁ፣ ግን ይሻለኛል።»

ልቤ ዘለለ። ይማም ስለ ፋብሪካዎች የነገረኝ ልክ ይኼንኑ ነው! አንዱ አገር ጭስ ያስከፍላል፣ ጎረቤቱ አያስከፍልም፤ ፋብሪካው እንደዚህ አይሱዙ ዞሮ ወደማያስከፍለው ይሄዳል። ጭሱ ግን ያው ነው፣ እንዲያውም ይብሳል። አውሮፓ መዞሩ ሲያስቸግራት ኬላውን በራሷ በር ላይ ተከለችው። እስከዚያ ቀን ድረስ ሲያስረዳኝ ራሴን እነቀንቅ ነበር እንጂ አልገባኝም ነበር። ልደውልለት ስልኬን አወጣሁ፤ ኔትወርክ የለም። ለሐሙስ ማታ አስቀመጥኩለት።

አቀስታ አደርን። ያረፍኩበት ቤት ባለቤት ከየት እንደመጣሁ ሲሰሙ «የቆላ ልጅ! ዛሬ አለቀልህ!» ብለው ሳቁ። ሁለተኛ ብርድ ልብስ አመጡልኝ፤ ደግሞም የፈላ ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ ሞልተው፣ በጨርቅ ጠቅልለው፣ እግሬ ሥር አደረጉልኝ። ይህንን ብልሃት አሁን ኮምቦልቻ ለማን ብነግር ይስቅብኛል። እዚያ እንዲህ ያለ ነገር የሚያስፈልገው ሰው የለም።

ማክሰኞ

ከአቀስታ በቅጥቅጥ አውቶቡስ ተነሣን። አገሩ እየሰፋ ይሄዳል፤ ገብስ፣ ስንዴ፣ ከዚያ ድንገት ገደል፣ ከዚያ እንደገና ሜዳ። የእኛ ከተማ በተራራ የተከበበች ናት፤ ቀና ካላልክ ሰማይ አታይም። እዚህ ሰማዩ ከእግር ጀምሮ ነው። አፌን ከፍቼ ስለነበር አጠገቤ ያለው ሰውዬ «ዝንብ ይገባብሃል» አለኝ።

መካነ ሰላም መናኸሪያ ላይ አስካለ ጠበቀችኝ። የከሰል ሠሪዎቹ ማኅበር መሪ ናት። ዐረብ አገር ለዓመታት በሰው ቤት ሠርታ ተመልሳለች፤ ማኅበሩንም ያቋቋመችው እንደ እሷ ከተመለሱ ሴቶች ጋር ነው። ክርስቲያን ናት፣ ንግግሯ ግን በየመሀሉ ዐረብኛ አለበት።

«የይማም ወንድሙ ነህ ወይስ ልጁ? ምነው አነስክ?» አለችኝ ገና ሳታውቀኝ። «የላ፣ እንሂድ! እግር አለህ?»

አለኝ ብዬ ነበር። ዳገቱ ላይ ግን ትንፋሼ ሲቆራረጥ ዞር ብላ ታየኝና «አብሽር፣ ደረስን» ትላለች። አልደረስንም። አሁንም «አብሽር» ትላለች። በወሎ «አብሽር» ማለት አይዞህ ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ይለዋል። በዚህ ጉዞ ከማንም ቃል በላይ የሰማሁት እሱን ነው።

መንደሩ ስንገባ አንድ ነገር ገረመኝ። ሰዓቱ እራት የሚሠራበት ነው፤ ከአንድም ጣሪያ ጭስ አይወጣም። ሰውም በር ላይ ቆሞ ዝም ብሎ ያየኛል። የአስካለ ቤት ስንገባ ምድጃው በአመድ ተሸፍኗል። እናቷ ቀዝቃዛ ዳቦና እርጎ አቀረቡልኝ። አባቷ አያ ደምሴ ዳኛ ፊት እንደቀረበ ሰው እጃቸውን አጣምረው ተቀመጡ። ብርዱ አጥንቴ ገባ።

«እማ፣ እሳቱ የታለ?» አለች አስካለ።

እናቷ በዐይናቸው ወደ ጃኬቴ ጠቀሱ።

«እሳት? ምን እሳት?» አሉ አያ ደምሴ። «እኛ ቤት እሳት ብዙም አናነድም።»

አስካለ ትንሽ አየቻቸውና መሬት ላይ ቁጭ ብላ በሳቅ ፈረሰች። ነገሩ እንዲህ ነው። ይማም ባለፈው መጥቶ ስለ ጭስ ቀረጥ ሲያወራ፣ ወሬው ከቤት ቤት ሲዞር፣ ቀረጡ ጭስ በሚወጣበት ቤት ሁሉ ላይ የሚጣል መሰለ። ዛሬ ደግሞ አንድ ሰው ከታች ከመንገዱ የሚያብለጨልጭ ጃኬት አይቶ «ቆጣሪው መጣ!» ብሎ ሮጠ። መንደሩ በሙሉ ምድጃው ላይ አመድ ደፋ።

«አትሳቂ!» አሉ አያ ደምሴ። «በአያቴ ጊዜ ግብር የሚቆጠረው በጭስ ነበር። ቆጣሪው ጉብታ ላይ ይወጣል፣ ጭስ ያየበትን ቤት ይይዛል። እሳቱን ያጠፋ ያመልጣል። እኔ ምን ላውቅ? ጃኬቱን እይው እስቲ! ይሄ የመንግሥት ካልሆነ የማን ነው?»

ጃኬቱን አውልቄ ጣልኩት። «ቀረጡ የፋብሪካ ነው እንጂ የምድጃችሁ አይደለም» አልኳቸው። አያ ደምሴ እስኪያምኑ ትንሽ ጊዜ ወሰደ። ከዚያ በር ላይ ወጥተው ወደ ጎረቤት ጮኹ፦ «አንድዱት! ሰውዬው የይማም ወንድም ነው!» ወጥቼ አየሁ። ከሁሉም ጣሪያ ጭስ በአንድ ጊዜ ተነሣ። እንደዚያ ያለ የሚያምር ነገር አይቼ አላውቅም።

እራቱ ዶሮ ሆነ። እኔ እስላም ስለሆንኩ የሚያርድልኝ ሰው ከማዶ መንደር ተጠራ፤ ሸህ አሊ ይባላሉ፣ ሽማግሌ ናቸው። አርደው ሲጨርሱ ለእኔና ለእሳቸው በተለየ ድስት ተሠራ። «አያ ደምሴ እንግዳ በመጣበት ቁጥር እኔ ሥጋ እበላለሁ» አሉ ሸህ አሊ ጣታቸውን እየላሱ። «አላህ እንግዳ ያብዛለት።»

«እንግዳውስ ይብዛ፤ ያንተ ሆድ ነው የፈጀኝ» አሏቸው አያ ደምሴ።

ረቡዕ

ጠዋት ሥራውን አሳዩኝ። የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ልጣጭና ጭራሮ በርሜል ውስጥ ይጠቀጠቃል። ከታች ይለኮሳል፤ ነበልባል ሊሆን ሲል ክዳኑ በጭቃ ይመረጋል። አየር ሲያጣ ሳይነድ ይከስላል። ከዚያ ይወቀጣል፣ በጥቂት ሸክላ አፈር ይለወሳል፣ በቧንቧ ቁራጭ ይታመቅና ፀሐይ ላይ ይሰጣል። እኔም ሞከርኩ። ክዳኑን ቶሎ ስላልመረግሁት የእኔ በርሜል ነደደና አመድ ሆነ። ሴቶቹ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። «ይሄ ለአውሮፓ አይሆንም፤ ለመደብ መለቅለቂያ እናደርገዋለን» አለች አንዷ። ፊቴ ጠቁሮ ጥርሴ ብቻ ቀርቶ ነበር።

ከሰዓት በፊት የመንደሩ ሰው ሜዳው ላይ ተሰበሰበ። ሴቶቹ ከሰሉን ይሥሩት እንጂ ቅጠሉ የሁሉም ነው፤ ሁሉም መስማማት ነበረበት። እኔ ተነሥቼ ማስረዳት ነበረብኝ። ክፍል ውስጥ እንኳ እጄን አውጥቼ አላውቅም።

«የኩታበርን ገበያ ታውቃላችሁ» አልኩ። ይህ ምሳሌ የይማም ነው፤ እኔ ሰርቄው ነው። «ኩታበር በግ ገዝታችሁ ተቀርጣችኋል እንበል። ደሴ ስትገቡ ደረሰኙን ካሳያችሁ ድጋሚ አትቀረጡም። ደረሰኝ ከሌላችሁ ግን ሙሉውን ደሴ ትከፍላላችሁ። አውሮፓም እንዲሁ ናት። በአገሩ ለጭስ የከፈለ ፋብሪካ ይቀነስለታል። እኛ አገር ለጭስ ዋጋ የለም፤ ስለዚህ ሙሉውን እዚያ ይቆርጡብናል።»

«ታዲያ ለምን እዚሁ አንቀረጥም?» አለ አንድ ጎልማሳ። «ደሴ ከሚበላው ኩታበር ይብላው። ቢያንስ ጉድጓድ ያስቆፍርበታል።»

ይማምም የሚለው ይኼንን ነው አልኩ። እስኪ በምድጃችን እንጀምር ይላል፤ ቀረጡን የሚያወጣው መንግሥት ነው፣ እኛ የምንችለው ጭሱን መቀነስ ነው።

አያ ደምሴ ተነሡ። «እኔ አንድ ነገር አልገባኝም። አውሮፓ ስንት ዘመን አጭሳ አይደለም እንዴ የበለጸገችው? አሁን እኛ ገና ክብሪት ስንጭር ትቆጥረናለች?»

ሰው ሁሉ አጉረመረመ። «እውነት ነው» አልኩ። «ይማምም ፍትሕ ነው አላለም። ግን ኬላው ተተክሏል። ቆመን ከምንሰድበው ጭስ ሳንይዝ ባዶ እጃችንን እንለፍበት ነው የሚለው።»

«ሌላም አለኝ» አሉ አያ ደምሴ፤ አሁን ዐይናቸው ይስቅ ነበር። «ከሰሉ ፋብሪካው ውስጥ አይጨስም። በርሜሉ ግን እዚህ ሲጨስ ትናንትና ዛሬ አይቻለሁ። ታዲያ ጭሱን ለኛ ትታችሁ ንጹሑን ወሰዳችሁ እንጂ መች ጠፋ?»

ያኔ አስካለ አዳነችኝ። «ያ ቅጠል ድሮም እርሻ ላይ እያቃጠልን የምንጥለው ነበር አባዬ። አሁን ቢያንስ ግማሹ ከሰል ይሆናል። የቀረውን ደግሞ ዛፉ ሲበቅል መልሶ ይውጠዋል።» ባሕር ዛፉ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ግን ውሃ ስለሚጠጣ በምንጩ ዳር ወይራና ኮሶ እንዲተከል አያ ደምሴ ጠየቁ። ሁሉም እሺ አለ። በዚያው ተስማማን። ሸህ አሊና የመንደሩ ቄስ እኩል መረቁ። እኔ እንደ ኳስ መዝለል አማረኝ።

ለይማም መንገር ነበረብኝ። መንደሩ ውስጥ ኔትወርክ የለም፤ ለመደወል ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ይወጣል። ከምሳ በኋላ አስካለ «እኔ ደውዬ እነግረዋለሁ፣ ስልክህንም ሶላር ያለበት ቤት ቻርጅ ላድርግልህ» ብላ ወሰደችው። ስትወጣ እየሮጠች ነበር። ስትመለስ በቀስታ ነው የመጣችው።

«ምን አለ?» አልኳት።

«አላገኘሁትም» አለች።

«ምድጃው ጋ ነው የሚሆነው። ስልኬስ?»

«እዚያው ተውኩት። ይሙላ።»

ያን ምሽት አያ ደምሴ ጠቦት አሳረዱ። ረቡዕ ጾም ነው፤ እነሱ አይቀምሱም። ለእኔና ለሸህ አሊ ብቻ ጠቦት! ስምምነቱ አስደስቷቸው ነው ብዬ አሰብኩ። ሸህ አሊ ደግሞ ማዶ መመለስ ትተው እዚሁ ሊያድሩ ነው፤ ጠቦቱ ነው ያቆያቸው ብዬ በልቤ ሳቅሁ። እናትየዋ እየደጋገሙ ያጎርሱኛል። በቃኝ ስል «ብላ፣ አብሽር፣ ብላ» ይላሉ። ጎረቤቶችም እየገቡ ይቀመጣሉ።

አስካለ «ስለ ይማም ንገረን» አለች። «ልጅ እያለ እንዴት ነበር?»

ማውራት ጀመርኩ። ሳይክሉን እንዴት ከወዳደቀ ብረት እንደገጣጠመው፤ መጀመሪያ ቀን ፍሬን ሳያስገባለት ወርዶ ገበያ መሀል ሽንኩርት ክምር ውስጥ እንደገባ፤ ምድጃውን በስም እንደሚጠራት። ሁሉም ይስቃል፤ «እሺ፣ ከዚያስ?» ይላሉ። እንደዚያ ሰው አድምጦኝ አያውቅም። መሀል ላይ አያ ደምሴ ተነሥተው ወጡ። ሲመለሱ ዐይናቸው ቀልቷል።

«ጭሱ ነው» አሉ።

ምድጃው ላይ የሚነደው የሴቶቹ ከሰል ነበር፤ ጭስ የለውም። «ይሄ ከጨሰ እንግዲህ ቀረጥ ሊከፍሉ ነው!» ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ትንሽ ዘግይተው እነሱም ሳቁ።

ሐሙስ

ገና ሊነጋጋ ሲል ሸህ አሊ ቀሰቀሱኝ። ለሶላት መሰለኝ። ዐይኔን ስገልጥ ቤቱ ሰው ሞልቶታል፤ ወንዶቹ ጋቢ ተከናንበው ቆመዋል፣ ሴቶቹ በሩ ጋ። አስካለ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። ሸህ አሊ አጠገቤ ተቀምጠው እጄን ያዙ።

«ልጄ፣ ወንድምህ ይማም ትናንት ወደ አላህ ሄዷል። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።»

ምን እንዳደረግሁ በደንብ አላስታውስም። እጄን የያዙኝ ሰዎች ብዙ ነበሩ።

በኋላ ነገሩኝ። ለምሳ ከፋብሪካው በሳይክል ሲወጣ የጭነት መኪና ገጨው። ከሰዓት በኋላ፣ የአሱር ሶላት እንዳለቀ ቀበሩት። ለአስካለ የነገራት የሥራ ጓደኛው ነው። ያኔ መኪና የለም፣ ቀብሩም አይደረስበትም። በእኛ አገር መርዶ በምሽት አይነገርም፤ ሰው በልቶና አርፎ፣ ሲነጋ፣ ሽማግሌ ባለበት ነው። እነሱ ክርስቲያን ስለሆኑ እስላም ሽማግሌ እንዲያረዳኝ ብለው ሸህ አሊን አሳደሯቸው። ጠቦቱም ነገ እህል እንደማይወርድልኝ ስላወቁ ነው። እኔ ሳወራ ያ ሁሉ ሰው ያውቅ ነበር። ለይማም የተቀመጠው ለቅሶ ያ ምሽት ነበር፤ እኔ ግን እየሳቅሁ ነው የተቀመጥኩት። አልቆጭም። ከእሱ ይልቅ ማን ይስቅ ነበር?

ያን ጠዋት በአያ ደምሴ ቤት እሳት አልተነሣም፤ ቤቱ ለቅሶ ቤት ሆኗልና። በሌሎቹ ጣሪያዎች ላይ ግን ጭስ ነበር፤ ጎረቤቶቹ የእኔን ስንቅ ያበስሉ ነበር።

አያ ደምሴና ሸህ አሊ አብረውኝ ሊሄዱ ተነሡ፤ መርዶ የሰማ ሰው ብቻውን አይለቀቅም። ጆንያው ግን በሩ ጀርባ ቆሟል፣ ማንም አይነካውም። «ይቆይ፣ ኋላ ይላካል» አሉ አያ ደምሴ። «ለቅሶ ቤት ጭነት ይዞ ቢገባ ሰው ምን ይላል?»

መርማሪው ግን ነገ መጥቶ ነገ ይመለሳል። ሄጄ ጆንያውን አቀፍኩት።

ሸህ አሊ አዩኝ። «አማና ነው» አሉ። «የሟች አደራ ነው፤ ይጫን።» አስካለ አንዱን ጫፍ ያዘች። እስከ መናኸሪያ ድረስ አብራኝ ተሸከመችው፤ አንድም ጊዜ «የላ» አላለችም።

አቀስታ ላይ ያ የሰኞው ረዳት ነበር። «ኢንጂነር! ተመለስክ?» አለ። አያ ደምሴ ጆሮው ላይ አንድ ነገር አንሾካሾኩ። ከዚያ በኋላ ማንንም አልተጣራም። ጉጉፍቱ ላይ ዝናብ ጀመረ። መኪናውን አስቁሜ ጣሪያው ላይ ወጣሁና ጃኬቱን አውልቄ ጆንያው ላይ ላለብሰው ስታገል ረዳቱ ተከትሎኝ ወጣ። «ስጠኝ» አለ። ጆንያውን አውርዶ በራሱ መቀመጫ ላይ አስቀመጠው፤ እሱ እስከ ደሴ ቆሞ ሄደ።

ዓርብ

ድንኳኑ በራችን ላይ ተተክሎ ነበር። በእኛም ቤት እሳት አልነደደም። ጠዋት ጆንያውን ተሸክሜ ስወጣ እናቴ አየችኝ።

«የት ነው?» አለች።

«ምድጃው ጋ።»

የምትለኝን ፈርቼ ቆምኩ። ጎረቤት ካመጣው ዳቦ ቆርሳ በእጄ አስያዘችኝ። «ሳትበላ እሳት አጠገብ አትቁም» አለች። ይማምን በየጠዋቱ የምትለው እሱን ነበር።

የፋብሪካው ሰዎች ሙከራው ቀርቷል ብለው ነበር። መርማሪው ሻንጣውን ይዞ ግቢው ውስጥ ቆሟል። የይማም ጓደኛ ጆንያውን ሲያይ የምድጃውን በር ከፈተልኝ። ጡቡ ደርቋል፤ አንድ ስንጥቅ የለበትም። ከሰሉን በእጄ ደረደርኩት። ክብሪት ሰጡኝ። ሁለቱ ተሰበሩብኝ፤ ሦስተኛው ያዘ።

ከሰሉ ሲቀላ፣ ብረቱም ሲሞቅ አየሁ። መርማሪው መሣሪያውን አንድ ጊዜ፣ ደግሞ አንድ ጊዜ አየና ሻንጣውን መሬት አስቀመጠ። እኔ ግን ጭስ ማውጫውን ለማየት ወደ ውጭ ወጣሁ። ዘበኛው አንገቱን አቅንቶ ወደ ላይ እያየ ነበር።

«ምነው፣ አልተያያዘም እንዴ?» አለኝ።

«ተያይዟል» አልኩት።